አባባ አልጋውን የለቀቀ ሳምንት

አባባ ልቡ ደክሞ ነበር። እግሩ ያብጣል፣ ጋደም ሲል ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ሦስት ትራስ ተደግፎ ነው የሚተኛው። ያኔ ቡታጅራ ውስጥ እንደሱ ያሉትን ቤታቸው እንዳሉ የሚከታተል ጥናት መጣና ፍራሹ ሥር ስስ ምንጣፍ የሚመስል መሣሪያ ዘረጉለት። መርፌ የለው፣ ሰውነት ላይ የሚለጠፍ ሽቦ የለው፤ የተኛውን ሰው የልብ ምትና ትንፋሽ ቆጥሮ በሞባይል መስመር ይልካል። ጠዋት ጠዋት የጥናቱ ነርስ፣ ሲስተሯ፣ ውጤቱን አይታ ትደውልልኛለች። አባባ "ምን አጥፍቼ ነው የምሰለለው?" እያለ ያሾፍባት ነበር።

አንድ ሰኞ ታላቅ ወንድሙ ከእንሴኖ ሊጠይቀው መጣ። "አሰላሙ አለይኩም" ብሎ ገና ሳይቀመጥ አባባ አልጋውን ለቀቀለት።

"ኧረ ወላሂ አይሆንም! በሽተኛ ልጠይቅ መጥቼ አልጋ ልቀማ?"

"ታላቄ መሬት ተኝቶ እኔ አልጋ ላይ ልወጣ? ሞቼ ነው ቆሜ!"

"አባባ፣ አንተ እኮ ሕመምተኛ ነህ" ስለው ዐይኑን አፈጠጠብኝ። ወለሉ ላይ ጅባ አስነጥፎ ተኛ፤ ትራሶቹንም ለወንድሙ ሰጠ። ገገማ ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና።

ረቡዕ ጠዋት ሲስተሯ ደስ ብሏት ደወለች። "አባትሽ ተሻላቸው እኮ! ልባቸው የጎረምሳ ልብ ሆኗል። ነገ ልመጣ ነበር፣ በቃ ቡኢ ወዳለው የባሰበት ሰው ልሂድ።"

የማን ልብ እንደሆነ አውቃለሁ። አጎቴ ራስ ምታት እንኳን የማያውቀው ገበሬ ነው። ልነግራት ስል አባባ ከጅባው ቀና ብሎ ዝም በይ ብሎ በእጁ ጠቀሰኝ። ወንድሙ አጠገባችን ቁርስ እየበላ ነበር፤ ቢሰማ አፍሮ ያኔውኑ ይሄዳል። እኔም፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ "አልሐምዱሊላህ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

አርብ ጠዋት አጎቴ መርቆን ሄደ። አባባን ወደ አልጋው ልመልሰው ጋቢውን ስገልጥ እግሩ እስከ ጭኑ አብጧል። ለካ ደብቆን ኖሯል! በባጃጅ ይዤው ስከንፍ ሆስፒታል ሳንደርስ እጄ ላይ አለፈ።

ሲስተሯ ለቅሶ መጣች። ጥፋቱ የሷ መስሏት ጥግ ይዛ ስትንሰቀሰቅ አንጀቴ አልችል አለና ሁሉንም ነገርኳት።

"አንድ ቃል ብትነግሪኝ እኮ" አለችኝ፣ "በእግሬም ቢሆን እመጣ ነበር።"