ያለ አደራጅ

«ማን ነው ያደራጃቸው? እሱን ንገረኝ!» አለ የቀበሌያችን ሊቀመንበር፣ ለግድግዳ ጋዜጣው የጻፍኩትን ወረቀት በጣቱ እየወጋ።

«ማንም። ራሳቸው ናቸው» አልኩ።

«ጓድ፣ ራሱን በራሱ የሚደራጅ ነገር የለም! ይሄ ስም አለው፤ ሥርዓተ አልበኝነት ይባላል!»

በደርግ ጊዜ ያልተደራጀ ሰው አልነበረም፤ ወጣቱ፣ ሴቱ፣ ባለሱቁ፣ ሁሉም። እኔ የጻፍኩት ግን ስለ ወንድሜ የመስታወት ቁራጭ ነበር። ታላቅ ወንድሜ የትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ሠራተኛ ነው። ከሻማ ያወጣውን አሲድ በቤንዚን ያሟሟና ሳፋ ውሃ ላይ አንዲት ጠብታ ይጥላል። ቤንዚኑ ሲተን አሲዱ በውሃው ፊት ላይ ይዘረጋል፤ ውፍረቱ የአንድ ሞለኪውል ብቻ ነው። ሞለኪውሎቹ እግራቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው ጎን ለጎን ይቆማሉ። መስታወቱን ውሃው ውስጥ አጥልቆ ቀስ አድርጎ ሲያወጣው ያ ስስ ሽፋን ተከትሎት ይወጣል። ሲያዩት ባዶ ነው። እፍ ሲሉበት ግን ትንፋሹ መስመር መስመር ሆኖ ያርፋል፤ በእኩል ርቀት፣ ማንም ያላሰመራቸው መስመሮች። «ያለ አደራጅ ተደራጁ» ብዬ ጻፍኩ። ኮርቼባት ነበር።

ወንድሜ አጠገቤ ቆሟል። ውጭ አገር ሄዶ ይህንኑ የሚማርበት ዕድል ደርሶታል፤ የቀረችው የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ነች። ተጽፋ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣለች፤ ማኅተሙ ከሊቀመንበሩ ክንድ ሥር ነው።

«ገጣሚው፣ ወይ ‹በአደራጅ መሪነት› በል፣ ወይ ወንድምህ እዚሁ ቦሌ ሳፋውን ይጠብ።»

ደሜ ፈላ። የቀበሌ ሱቁን የስኳር ሰልፍ እንኳ በወጉ ማሰለፍ ያቃተው ሰው ሞለኪውል ሊያሰልፍ! አፌ ድረስ መጣ፤ ደብዳቤዋን አየሁና ዋጥኩት። እስክሪብቶውን ተቀብዬ «ያለ አደራጅ» የሚለውን ሰረዝኩ፤ «በቆራጥ አደራጅ መሪነት» ብዬ ተካሁ። ስለ እውነት ስንት ግጥም የቋጠርኩ ሰው አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። «ቆራጥ» የምትለዋንም ማንም አላዘዘኝም፤ ከራሴ ነች።

«ጎበዝ! አየህ፣ ስትፈልግ ይገባሃል» አለና ማኅተሙን ቀለም ውስጥ ነከረ።

«አንዴ» አለ ወንድሜ። ወረቀቱን አንስቶ አነበበ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ይህ እኔ የሠራሁት አይደለም። ተማሪዎቹ አንብበው፣ አደራጁ የት አለ ብለው ቢጠይቁኝ ምን እላቸዋለሁ?»

«ማኅተም አልፈልግም ነው የምትለኝ?»

«ይለጥፉት፤ ግን የእኔ ነው አይበሉ።»

«ለአንተ ብዬ እኮ ነው!» ጮኽኩበት።

«ማን ለመነህ?»

ወረቀቱን ደብዳቤዋ ላይ አስቀመጠ፤ ለሊቀመንበሩ እንደ ልማዱ አንገቱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሣና ወጣ። በሩን በቀስታ ዘጋው።