ከአጥር ማዶ ያጠናኋቸው ንቦች

ንብ ስትነድፈኝ የኖርኩ ሰው ነኝ። ማርቆስ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አስተምራለሁ፤ ከማስተማር የተረፈኝን ጊዜ ሁሉ ያዋልኩት ግን የንብ ዘርና የንብ በሽታ በማጥናት ነው። ስነደፍ መንደፊያዋን በጥፍሬ ፍቄ ሥራዬን እቀጥላለሁ። ተማሪዎቼ ተነድፈው ሲጮኹ እስቅባቸው ነበር። ስለዚህ በዚያ ጥቅምት፣ ከደምበጫ ወጣ ብላ ባለች መንደር፣ አንዲት ንብ በፊት መሸፈኛዬ ሥር ገብታ አንገቴን ስትነድፈኝ ከቁም ነገር አልቆጠርኳትም።

የቆምኩት ባላቸው በሞቱባቸው አንዲት እናት ጓሮ ነበር። ሟቹ የታወቁ ንብ አናቢ ነበሩ፤ ከሞቱ ገና ዓመት አልሞላቸውም። በዚያ አገር ሴት ቀፎ ስትከፍት ብዙም አትታይም። ዋርሳቸው፣ የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ ቀፎዎቹን ልውሰድ እያለ ደጋግሞ ጠይቋቸዋል። እሳቸው ግን እምቢ ብለው፣ የባላቸውን ካፖርት ደርበው ራሳቸው መክፈት ጀምረዋል።

እኔ የሄድኩት ናሙና ልወስድ ነበር። የንብን እጭ አድርቆ እንደ ጠመኔ ነጭ የሚያደርግ የሻጋታ በሽታ አለ። አንዱን ቀፎ ሲያራቁት አጠገቡ ያለውን ለምን ሳይጎዳ እንደሚያልፍ ለማወቅ ነው ዓመታቴን የፈጀሁት።

መጀመሪያ መዳፌን አሳከከኝ። ቀጥሎ ጆሮዬ ጮኸ፤ ምላሴ አብጦ አፌን ሞላው።

«ልጄ፣ ፊትህ ተለዋወጠብኝ» አሉ እናትየው።

«ምንም አይደል፣ ይተወኛል» ልላቸው ሞከርኩ፤ ድምፄ አልወጣም።

ከዚያ በኋላ ያለውን የማስታውሰው ቁርጥራጩን ነው። ጋሪ ላይ ተጋድሜ፣ ራሴ ጭናቸው ላይ ሆኖ፣ ባለጋሪውን «ንዳው እንጂ! ምን ትጠብቃለህ!» እያሉ ሲጮኹበት ትዝ ይለኛል። ጤና ጣቢያ ደርሰን መርፌ ተወጋሁና ነፍሴ መለስ አለች። በማግስቱ ማርቆስ ላይ ያየኝ ሐኪም ነገሩን አልሸፋፈነልኝም።

«ሰውነትህ መርዙን አልቻለውም። ሌላ ጊዜ ብትነደፍ ጤና ጣቢያ ላትደርስ ትችላለህ» አለኝ። «ለመሆኑ ሥራህ ምንድን ነው?»

ስነግረው እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ቀጣዮቹ ወራት ቤተ ሙከራ ውስጥ አለፉ። ተማሪዎቼ ከየገጠሩ በአልኮል የተነከሩ ንቦች ያመጡልኛል፤ እኔ እግራቸውን እየቆረጥኩ ዘረመላቸውን አወጣለሁ። ሥራው አይናቅም። ሆኖም የሞተች ንብ የምትነግረኝ የማን ልጅ እንደሆነች ብቻ ነው፤ በሕይወት ሳለች ምን ታደርግ እንደነበር አትነግረኝም። ቀፎ ሲከፈት ፊት ላይ የሚመጣው ሙቀት እንደናፈቀኝ ለሚስቴ እንኳ መናገር አፈርኩ። ጥናቱን ለሌላ ሰው አስረክቤ ማስተማር ብቻ እንዲፈቀድልኝ ማመልከቻ ጻፍኩ፤ ሳላስገባው ሁለት ሳምንት መሳቢያዬ ውስጥ ከረመ።

አንድ ቅዳሜ እኒያ እናት በሚኒባስ ማርቆስ መጡ። የግቢውን ዘበኞች «የንቡ ሰውዬ የት ነው?» ብለው ጠይቀው ነው ያገኙኝ። የዱቄት ወተት ጣሳ ይዘዋል። ክዳኑን ሲከፍቱት ነጫጭ፣ ደረቅ እጮች ሞልተውበታል።

«ከጣሪያው ሥር ያለው ቀፎ ማለዳ ማለዳ ይኼን ደጁ ላይ ይጥላል» አሉ። «ከግራዋው ሥር ያለው ግን ደጁ ንጹሕ ነው። ዋርሳዬ በሽተኛውን አቃጥይው ይለኛል። አንተስ ምን ትላለህ?»

«እውነቱን ነው። የታመመው ያ ቀፎ ነው» አልኩ፣ ጣሳውን እንኳ በደንብ ሳላየው።

ጣሳውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «ታዲያ ለምን ከበደ?»

«ምኑ?»

«ቀፎው ነዋ። ሁለቱንም ከኋላ ብድግ እያደረግሁ አያቸዋለሁ። ሬሳ የሚጥለው ማር ሞልቶት አልነሣ ይለኛል። ደጁ ንጹሕ የሆነው እንደ ባዶ ቅርጫት ቀላል ነው። ከፍቼም አየሁት። እዚያም ሬሳ አለ፤ የሚያወጣው ነው የጠፋው።»

ከወንበሬ ተነሣሁ። ነገሩን አውቀዋለሁ፤ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስተምረዋለሁ። አንዳንድ ንቦች የታመመውን እጭ በሰም ክዳኑ ሥር እንዳለ ለይተው፣ በሽታው ሳይዛመት ጎትተው ያወጡታል። ይህ ጠባይ በዘር ይተላለፋል። ይኸው ነገር በጣሳ ሆኖ ጠረጴዛዬ ላይ ሲቀመጥ ግን እኔም የዋርሳቸውን መልስ ደገምኩት።

«እናቴ፣ ተሳስቻለሁ» አልኳቸው። «እንዳያቃጥሉት።»

«መጀመሪያም አላቃጥለውም ነበር» አሉ። «ምክንያቱን ልጠይቅህ ነው የመጣሁት።»

ማመልከቻውን በዚያው ሰሞን ቀደድኩት።

የሁለታችን ሥራ እንዲህ ተጀመረ። ብነደፍ እንድወጋው ሐኪሙ ያዘዘልኝን መርፌ ኪሴ ውስጥ ይዤ፣ ከጓሯቸው አጥር ማዶ፣ አውድማው ዳር በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ። እሳቸው ቀፎውን ይከፍታሉ። ሁለቱም የሳጥን ቀፎዎች ስለሆኑ እጮቹ የሚያድጉበት የሰም እንጀራ እየተመዘዘ ይወጣል። ክዳናቸው የተደፈነ መቶ ጉድጓዶችን ቆጥረው፣ በቀጭን መርፌ እየወጉ ውስጣቸው ያለውን እጭ ይገድሉና እንጀራውን መልሰው ቀፎውን ይዘጉታል። በማግስቱ ንቦቹ ስንቱን እንዳጸዱ ይታያል። ፊደል አልቆጠሩም፤ ስለዚህ ላልጸዳ ጉድጓድ ሁሉ አንድ ሽምብራ ኩባያ ውስጥ ይጥላሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይነግሩኛል፤ እኔ እጽፋለሁ።

አንድ ቀን ዋርሳቸው በዚያ ሲያልፍ ቆም ብሎ አየን።

«ይኼ ሰውዬ ከሩቅ ሆኖ ነው እንዴ የሚማረው?» አለ።

«አንተስ ከቅርብ ሆነህ ምን ተማርክ?» አሉት፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

ከጣሪያው ሥር ያለው ቀፎ በአንድ ቀን ውስጥ ከመቶው አራት ብቻ ቀረው። ከግራዋው ሥር ያለው ከግማሽ በላይ አላጸዳም። ደጋግመን ሞከርነው፤ ልዩነቱ አልጠፋም። ደስታው ልክ አሳጣኝ መሰለኝ፣ ከጣሪያው ሥር ካለው ቀፎ አውራ፣ ማለትም ንግሥት ንብ፣ አውጥተን ብናራባ በዓመቱ ጓሮው ሙሉ በሽታ የማያሸንፋቸው ንቦች ይኖራሉ ብዬ ቃል ገባሁላቸው።

በዓመቱ ካወጣናቸው አውራዎች ገሚሶቹ እንደ እናታቸው ሆኑ። የቀሩት ከማንኛውም ቀፎ አልተሻሉም። ምክንያቱን አጥር ተደግፌ አስረዳኋቸው። ወጣቷ አውራ ወደ ሰማይ ወጥታ ከየትም ከመጡ ብዙ ወንዶች ጋር ትገናኛለች፤ የልጆቿን ግማሽ ዘር እኛ አንመርጠውም።

«አባታቸው ከየት እንደሚመጣ ሳታውቅ ነው እንዴ ተስፋ የሰጠኸኝ?»

«አውቅ ነበር» አልኩ። «ቸኩዬ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ለማንም ገበሬ ጊዜ ቆርጬ ተናግሬ አላውቅም። በየዓመቱ እየፈተንን፣ የተሻሉትን እያስቀረን ቀጠልን።

ጥናቱ ሲታተም ስማቸው ከአጥኚዎቹ መካከል እንዲገባ ፈልጌ ነበር። አብረውኝ የጻፉት ግን፣ ያልተማረ ሰው እንዴት ተደርጎ፣ ምስጋናው ላይ ይግቡ አሉ። ብዙ ሳልከራከር ተስማማሁ። መጽሔቱን ወስጄ ሳነብላቸው «እኔ የት ጋ ነኝ?» አሉኝ። የመጨረሻውን ገጽ አሳየኋቸው። «እ፣ ከሁሉም ኋላ» አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ቀን እስከ ማርቆስ ድረስ በሚኒባሱ መስኮት ውጭውን እያየሁ ነው የተመለስኩት።

በሁለተኛው ጽሑፍ ላይ ጸናሁ። ሁለት ወር ተጨቃጭቀን ስማቸው ከእኔ ስም ቀጥሎ ገባ። ወረቀቱን ይዤ ስሄድ ግን ከበሩ ላይ ነው የተቀበሉኝ፤ ፊታቸው ጠቁሯል።

«ሄዱ» አሉኝ። «ከጣሪያው ሥር ያሉት። ጉንዳን ገባባቸው መሰለኝ፣ ትላንት ረፋዱ ላይ ተነሡ። ወንዙን ተሻግረው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደን ሲገቡ አይቻለሁ። ብከተላቸው ጉልበቴ እምቢ አለኝ።»

በዚያ ቀፎ ላይ የተሠራው የዓመታት ልፋት በአንድ ረፋድ በኖ ሄደ። ወረቀቱን እጄ ላይ አጣጠፍኩት።

«የአውራዋ ሴት ልጆች ያሉባቸው ሦስት ቀፎዎች አሉን» አሉ እሳቸው። «ደኑ ውስጥ የገቡትም ቢሆኑ አልሞቱም። ዘራቸው እዚያ ላሉት ንቦችም ይተርፋል።» ከዚያ ወደ እጄ አዩ። «ምን ይዘህ ነው?»

አሳየኋቸው። እኔ በጠቆምኳቸው ስማቸው ላይ ጣታቸውን አኑረው አዩትና፣ ወረቀቱን የጣሪያው ቋሚ ላይ ሰክተው ወደ ጓሮ ዞሩ። እኔ አውድማው ዳር ተቀምጬ ከቀፎው ቁጥር አጠገብ «ሄደ» ብዬ ጻፍኩ። እሳቸው ባዶውን ቀፎ ሊያጸዱ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።