ገብሴን ያጨዱልኝ ሰዎች አይቆጠሩም

ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ወጤን ራሴ እሠራለሁ፣ እንጨቴን ራሴ እፈልጣለሁ። ይችንም ጽሑፍ ስልኬ ላይ በአንድ ጣቴ የጻፍኳት እኔው ነኝ።

ታምሜ ብተኛ ጎረቤቶቼ በረዶ ሳይቀድማቸው ገብሴን አጨዱልኝ። ዛሬ ይህን ሰምታ አንዲት ጋዜጠኛ መጣች።

«አባባ፣ ስንት ሰው አጨደልዎ?»

«ሰው አይቆጠርም ልጄ፣ ከተቆጠረ ዓይን ያርፍበታል።»

«ቁጥርን እስከ ዘጠኝ በፊደል፣ ከዚያ በላይ በአኃዝ መጻፍ የጋዜጣችን ደንብ ነው። ያለ ቁጥር አለቃዬ አይቀበለኝም።»

«እንግዲያ የኔን ዕድሜ በአኃዝ ጻፊለት። የኔን ያረጀ ሥጋ ቡዳም አያኝከውም!»

ስቃ «ጎረቤቶቹ በሙሉ» ብላ ጻፈች። እግዜር ይስጣት።

እናንተስ፣ በክፉ ቀን ማን ደረሰላችሁ? ሳትቆጥሩ ጻፉልኝ።

እኔ ወንፈሌን፣ የጎረቤቶቼን የጉልበት ብድር፣ ራሴ ልመልስ፦ የካሳ አጥር አለ፣ የእማሆይ እንጨት አለ፣ የአያ ሞላ ባቄላ አለ... ይህንንም አልቆጥረውም።