የአሮጌ አንሶላዎች ክረምት

እናቴን ሰፈሩ «ይቀፋል» ብሎ ነበር የሚጠራት። ፊት ለፊቷ አይደለም እንጂ ዳቦ ልገዛ ስላክ «የይቀፋልን ልጅ አስቀድሟት፣ እናትየው ወረፋ ላይ ሰው ከሰው መነካካቱን አትወድም» እያሉ ሲሳሳቁ እሰማ ነበር። ስሙን ያመጣችው ራሷ ናት። ሰው የያዘው የበር እጀታ ይቀፋል፤ ሥጋ ሻጩ እጁን የሚጠርግበት ሽርጥ ይቀፋል፤ ጎረቤት ቀምሳ የመለሰችው ማንኪያ ይቀፋል። አባቴ የአውቶቡስ ሹፌር ስለሆነ ከሥራ ሲመለስ በር ላይ ታስቆመዋለች። እስከ ክርኑ ሳይታጠብ ልጅ አያቅፍም።

«መሪውን እኮ የምነካው እኔ ብቻ ነኝ» ይላታል።

«መሪውን አንተ፣ አንተን ደግሞ ሕዝቡ» ትለዋለች።

እጇ ግን ወርቅ ነበር። ፊት ለፊቱ ክፍል ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር፣ በእግር የምትዘወር የስፌት መኪና ነበረቻት። ከአንድ አሮጌ መጋረጃ ለእኔና ለታናሽ እህቴ ሁለት ቀሚስ አውጥታ፣ በተረፈው ለመኪናዋ ልብስ ትሰፋለች። አንገትጌ ስትሠራ ያየ ሰው አፉን ከፍቶ ይቀራል።

እኔ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሞልቶኝ ትምህርት ቤት በተዘጋ በሳምንቱ፣ የአባቴ ታላቅ እህት ሦስት ጆንያ አስጭና መጣች። አክስቴ የሕፃናት ልብስ ሱቅ አላት። ሽቶዋ ከእሷ ቀድሞ ቤት ይገባል፤ ሊፕስቲኳ ከከንፈሯ አልፎ ጥርሷ ላይ ይቀመጣል።

«ንጹሕ ጥጥ ነው» አለች ጆንያውን በጫማዋ ጫፍ ገፋ እያደረገች። «አንድ ትልቅ ሆቴል ሲዘጋ የተሸጠ አንሶላ። የአራስ ልብስ ስፊልኝ። እጅሽን ስለማውቅ ነው ለሌላ ያልሰጠሁት።»

«ውስጡን አይተውታል፣ እትዬ?» አለች እናቴ።

«ምኑን አየዋለሁ፣ አንሶላ አንሶላ ነው።»

እናቴ አባቴን አየችው። አባቴ ጣሪያውን አየ። ያሳደገችው ይህች እህቱ ናት፤ እሷ ፊት ሲቆም እኔን የሚያክል ይመስለኝ ነበር። እናቴም እሺ አለች።

በማግስቱ የመጀመሪያውን ጆንያ ጓሮ አውጥታ ፈታችው። የወጣው ሽታ የታፈነ ክፍል፣ የላብና የቆየ መድኃኒት ሽታ ነው። ከአንሶላው እጥፋት የደረቀ ፕላስተር ከነጥጡ፣ የተጠቀለለ ፀጉርና አንድ የእግር ጥፍር ወደቀ። ወፍራም ቢጫ ጥፍር ነበር። ታናሽ እህቴ ልታነሳው ጎንበስ ስትል እናቴ እጇን በማማሰያ ቸብ አደረገቻት። አንሶላው ላይ ቢጫ ክብ አለ፣ በክቡ ዙሪያ ደግሞ ቡናማ ክብ። የሁሉም አንሶላ አንደኛው ጠርዝ ተቀዷል።

«ሆቴል» አለች እናቴ አፍንጫዋን በክንዷ ሸፍና። «እዚያ ሆቴል የሚያድረው ሰው ምን ሆኖ ነው?»

ሁለት ቀን ሙሉ በበርሜል ቀቀለችው። ውሃው ከላይ ግራጫ አረፋ ያወጣል፤ አረፋውን እየገፈፈች ቱቦ ውስጥ ትደፋለች። በእነዚያ ሁለት ቀናት ማናችንም ምሳ በላን ለማለት ይከብዳል። ሲደርቅ ግን ጨርቁ ተአምር ነበር። መቶ ጊዜ የታጠበ ጥጥ ስለሆነ እጅ ላይ እንደ ዱቄት ይለሰልሳል። እናቴ እየተጠየፈችውም ወደደችው።

ከዚያ ስፌቱ ተጀመረ። መዳፍ የማያክሉ አንገትጌዎች፣ ከውስጥ የተደበቁ ስፌቶች፣ ቁልፍ እንኳ የሕፃን ገላ እንዳይቧጥጥ በጨርቅ የተሸፈነ። እድፉን በመቀስ ታመልጠዋለች። ማምለጥ ካልቻለች ላዩ ላይ በክር አበባ ትጠልፋለች። ታናሽ እህቴ አበባ ባየች ቁጥር ልብሱን ገልብጣ ከሥር ማየት ጀመረች።

«እማዬ፣ እዚህ አበባ ሥርም አለ» ትላለች።

«አርፈሽ ክሩን በመርፌ አስገቢልኝ» ትላታለች እናቴ ቀና ሳትል።

በሦስተኛው ሳምንት አክስቴ አርባ ሦስት ልብስ ቆጥራ ወሰደች። አንዱን አንስታ ብርሃን ላይ አየችና «ማንም ሰው የውጭ ዕቃ ነው የሚለው» አለች። እናቴ ፈገግ አለች። ወዲያው ደግሞ ልትታጠብ ሄደች።

የዚያ ክረምት ሌላው ጣጣ ሽርሽር ነበር። አባቴ ስድስት ቀን አውቶቡስ ሲነዳ ይሰነብትና በሰባተኛው ቀን እኛን አውቶቡስ አሳፍሮ ሐይቅ ዳር ካልወሰደ ይታመማል። እናቴ ለዚህም መላ ፈጥራ ነበር። ዙሪያው ላስቲክ የገባበት የወንበር ልብስ ለአራታችንም ሰፍታ፣ ስንሳፈር ታለብሳለች፣ ስንወርድ ታወልቃለች። ተሳፋሪው ይስቃል። አባቴ ሹፌሩ ባልደረባው ስለሆነ አንገቱን ይደፋል።

ሐይቁ ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። ጠጋ ሲሉ ዳሩ አረንጓዴ ልጋግ ለብሷል፤ የላስቲክ ጠርሙስና ሆዱ የተነፋ ዓሣ ጎን ለጎን ይንሳፈፋሉ። ሣሩ ላይ ከእኛ በፊት የተቀመጡ ሰዎች የሐብሐብ ልጣጭ ትተው ሄደዋል፤ ዝንቡ ከልጣጩ ተነስቶ የእኛ ዳቦ ላይ ያርፋል፣ ከዳቦው ተነስቶ ከንፈራችን ላይ። መጸዳጃ ቤቱን ከሩቅ የሚያውቁት በጠረኑ ነው። አንድ ቀን እህቴ ከውሃ ስትወጣ የተጣለ ዳይፐር እግሯ ላይ ተለጥፎ ወጣ። እናቴ የቀረንን የመጠጥ ውሃ በሙሉ የእህቴ እግር ላይ ጨረሰችው።

«አየሩን ግን ልብ በሉ» አለ አባቴ ደረቱን ነፍቶ።

«ልብ ብለነዋል» አለች እናቴ፣ አፍንጫዋን እንደያዘች።

ልክ በክረምቱ አጋማሽ አክስቴ ሁለተኛውን ጭነት አመጣች። ገበያው ደርቷል፣ ሰው የአበባውን እየጠየቀ ነው፣ ቶሎ ይድረስ።

«ማጠቡን ተዪው፣ ጊዜ ነው የሚበላው» አለች። «ካውያ አድርጊበትና ሽቶ ነፋ ነፋ። እናቶቹ ቤታቸው ያጥቡታል።»

ይሄኛው ጆንያ በጥድፊያ ስለመጣ የአንሶላው ጠርዝ አልተቀደደም ነበር። በሁሉም ጠርዝ ላይ በማይለቅ ሰማያዊ ቀለም ቁጥር ተጽፏል። እናቴ ቁጥሩን ስታገላብጥ፣ ጎረቤታችን የሆስፒታል ልብስ አጣቢዋ በአጥሩ በኩል አዩዋት። እኚህ ሴት ሃያ ዓመት አንሶላ ያጠቡ ናቸው፤ እጃቸው ውስጥ ያልገባ ነገር የለም፣ በቀላሉ አይደነግጡም። ያን ዕለት ግን የያዙትን ባልዲ አስቀመጡ።

«ማነው ይሄን እጅሽ ያስገባው?»

«የሆቴል ነው አሉኝ።»

«የምን ሆቴል። በሰማያዊ የተቆጠረ ለመቃጠል የወጣ ነው። የተላላፊ በሽታ ክፍል ነው ይሄ። ቁስል የፈሰሰበት፣ ሰው ያረፈበት፣ እኔ እንኳ እንዳላጥበው የተከለከልኩት። ማቃጠያው ከተበላሸ ወዲህ ዘበኛው በጓሮ በር ያወጣዋል ሲሉ ሰምቼ ነበር።»

«የፊተኞቹ ቁጥር አልነበራቸውም» አለች እናቴ።

«ጠርዛቸውስ ነበር?»

እናቴ አንሶላውን ጥላ ሮጠች። ቱቦው ጋ ደርሳ ሆዷ ውስጥ ያለውን ሁሉ አወጣችው። ከዚያ እጇን በበረኪና መታጠብ ያዘች። ውሃ ስትቀይር፣ እንደገና ስታሽ፣ የጣቶቿ ቆዳ እስኪላጥ። እህቴንና እኔንም ልብሳችንን አውልቃ አጠበችን፤ በረኪናው ለሳምንት ከፀጉራችን አልወጣም።

አባቴ ሲመጣ ሁሉንም ነገረችው። እራት እየበላ ነበር። ማኘኩን አቆመ፣ ከዚያ ቀጠለ።

«ግን ቀቅለሽዋል እኮ» አለ።

«የፊተኛውን። አሁን አትጠቢ ነው የተባልኩት።»

«እትዬ ላታውቅ ትችላለች።»

«ጠርዙን ማን ቀደደው ታዲያ፣ አይጥ ነው?»

አባቴ ሳህኑን ወደ ጎን ገፋ። እናቴ እስከዚያ ቀን በር ላይ አስቁማ ያስታጠበችውን ሰው፣ ያን ዕለት ታጥቦም ጭምር እንደቆሸሸ ነገር አየችው። ጆንያዎቹን ጓሮ ውስጥ በላስቲክ ሸፍና ድንጋይ ጫነችባቸው። ከሣጥኗ የሠርግ ቀሚሷን አወጣች፣ ነጩን ገበር ተረተረች፣ አንድ የአራስ ልብስ ሰፋች። ደረቱ ላይ አበባ ጠለፈችበት፤ እንደ ሌሎቹ አድርጋ፣ በዚያው ክር።

«ለማነው?» አልኳት።

«ለአክስትሽ የልጅ ልጅ።»

የአክስቴ ሴት ልጅ በቅርቡ ወልዳ ነበርና በሚቀጥለው የዕረፍት ቀን ሁላችንም ሐይቅ ዳር ተገናኘን። ሕፃኑ የለበሰው ከውጭ የመጣ፣ ወረቀቱ ገና ያልተነሳለት ልብስ ነው። እናቴ ምንጣፍ አነጠፈች፣ እንቁላል አደለች፣ ስለ አየሩ እንኳ አወራች። ከዚያ ልብሱን ከቦርሳዋ አውጥታ ለእናትየዋ ዘረጋችላት።

«እንዴት ያምራል» አለች የአክስቴ ልጅ። «ይሄኛው በትውኪያ ርሷል፣ አሁኑኑ ላልብሰው።»

አክስቴ አበባውን አየች።

«ተዪው፣ በኋላ» አለች።

«ምነው እትዬ?» አለች እናቴ። «ንጹሕ ጥጥ ነው። ያመጡልኝ እርስዎ ነዎት።»

«ቆዳው ገና ስስ ነው።»

«የሌሎቹስ ሕፃናት ቆዳ?»

የአክስቴ ልጅ እየሳቀች የሕፃኑን ራስ በአንገትጌው ልታሳልፍ ስትል፣ አክስቴ ከተቀመጠችበት ዘላ ተነሳች፤ ልብሱን ነጥቃ ወረወረችው። ልጋጉ ላይ ወደቀ። እጇን ቀሚሷ ላይ ስትጠርግ፣ እንደገና ስትጠርግ ሁላችንም አየናት።

«እማዬ፣ ምን ነካሽ?» አለች ልጇ።

«ንገሪያት» አለች እናቴ። «ጨርቁን ከየት እንደምታመጪው አንቺ ራስሽ ንገሪያት።»

በዐሥራ አራት ዓመት ትዳሯ እናቴ አክስቴን አንቺ ስትላት የዚያን ቀን ነው የሰማሁት። አባቴ የላጠው እንቁላል እጁ ላይ ቀረ። እናቴ ወደ ውሃው ሄደች፤ ይቀፋል የምትባለው ሴት እጇን ልጋጉ ውስጥ እስከ ክርኗ አስገብታ ልብሱን አወጣችው።

«ይሄ ከሠርግ ቀሚሴ ገበር የተሰፋ ነው» አለች። «እኔ እያወቅኩ ያን ጨርቅ የማንንም ልጅ ገላ አላስነካም። አንቺ ግን ለራስሽ የልጅ ልጅ የቀፈፈሽን ለሰው ልጅ ስትሸጪ ከረምሽ።»

«አበባውን የጠለፈው ማን ሆነና?» አለች አክስቴ። «እኔ መርፌ ይዣለሁ? እድፉን ስትሸፍኚ አላየሽውም?»

እናቴ የያዘችውን ልብስ ገልብጣ አበባውን አየች።

«እኔ ነኝ» አለች በመጨረሻ።

ያኔ ነው አባቴ የተነሳው። እንቁላሉን ሣሩ ላይ አስቀመጠ። «እትዬ» አለ፤ «ነገ ሱቅሽን ሳትከፍቺ እመጣለሁ። የቀሩትን በሙሉ እወስዳቸዋለሁ።» አክስቴ «አሳድጌህ…» ብላ ጀመረች። አልጨረሰችውም፤ ልጇ ሕፃኑን አቅፋ ጥላት እየሄደች ነበር።

አባቴ ቃሉን ጠበቀ። ከሱቁ ዐሥራ ሰባት ልብስ ሰብስቦ መጣ። ልብስ አጣቢዋ እንደነገሩት ከከተማው ዳር ቆሻሻ የሚቃጠልበት ቦታ ወስዶ ጆንያዎቹንም ጨምሮ አቃጠላቸው፤ ዘበኛውንም እሳቸው ለሆስፒታሉ ኃላፊ ከሰሱት። ከዚያ ወዲህ አክስቴ ደጃችንን ረግጣ አታውቅም። ሱቁን አሁን ጫማ ይሸጡበታል።

ከአርባ ሦስቱ ሃያ ስድስቱ ግን ተሸጠዋል። እናቴ አዲስ ጨርቅ አምጥታ ሃያ ስድስት ልብስ ሰፋች፣ ያለ አበባ። ከዚያ በክትባት ቀን ጤና ጣቢያ በር ላይ እየቆመች፣ ቤት ለቤት እየዞረች መፈለግ ጀመረች። እኔን ታስከትለኛለች። አንዷ እናት በሩን ፊታችን ላይ ዘጋችው። ሌላዋ «ልጄ ምንም አልሆነ፣ እንዲህ የሚለሰልስ ልብስ ከየት አገኛለሁ» ብላ አልሰጥም አለች፤ እናቴ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ አንድ ሰዓት ለመነቻት። ትምህርት ቤት እስኪከፈት ዐሥራ አንዱን አገኘን። የቀሩትን አላገኘናቸውም። የታመመ ልጅ አለ ሲባል አልሰማንም፤ እናቴ ግን አልሰማንም ማለት የለም ማለት አይደለም ትላለች።

ዐሥራ አንደኛዋን ያገኘናት አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ነው። ወጣት ሴት ናት፤ ሕፃኗ አበባውን አፉ ውስጥ ከትቶ ይጠባል። እናቴ ቀረብ ብላ ሁሉንም ነገረቻት፤ የሰፋኋቸው እኔ ነኝ ማለቷን አልዘለለችም። ሴትዮዋ ሰምታ ስትጨርስ ልብሱን ከልጇ ገፍፋ የእናቴ ደረት ላይ ወረወረችው።

«ምን ዓይነት ቆሻሻ ሰው ነሽ» አለቻት።

እናቴ ልብሱን ከመሬት አንስታ በላስቲክ ቋጠረችና አዲሱን ዘረጋችላት። ሴትዮዋ በሁለት ጣቷ ተቀበለች። አገላበጠችው፣ አሸተተችው፣ ከውስጥ በኩል ስፌቱን አንድ በአንድ ፈተሸች። እናቴ እጇን አጣጥፋ ጠበቀች። በመጨረሻ ልጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር አለበሰችው። አውቶቡሱ መጣ። ሴትዮዋ ተሳፈረች፤ እኛ ለሚቀጥለው ቆየን።