የመዝገብ ቤቱ ወሰኑና የቅዳሜ ጊታር

ወሰኑ ጊታር መማር የጀመረው በሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። ይህን የሰማ ሁሉ መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ ዕድሜውን ደግሞ ይጠይቃል። በመሳቃቸው አይፈረድባቸውም። ሰውዬው ከዚያ በፊት ክራር እንኳ ነክቶ አያውቅም፤ በሰርግ ቤት ሲያጨበጭብም ምቱ የሚጠፋበት ሰው ነው።

አምቦ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል። ገቢ ደብዳቤ ይመዘግባል፣ ወጪ ደብዳቤ ይመዘግባል፣ ፋይል ያወጣል፣ ፋይል ይመልሳል። ከመደርደሪያው ግርጌ ያሉት ዶሴዎች ከተማዋን ገና «ሀገረ ሕይወት» ይሏታል፤ ከላይ ያሉት በኦሮምኛው የላቲን ፊደል፣ በቁቤ የተጻፉ ናቸው፤ አቧራው ግን ከታችም ከላይም እኩል ነው። ኃላፊ ይሾማል፣ ኃላፊ ይነሳል፤ ወሰኑ እዚያው ነው። ሰልፉም፣ ተኩሱም፣ የመንገዱ መዘጋትም በመስኮቱ ፊት ለፊት አልፏል፤ በማግሥቱ እሱ ቁልፉን ይዞ በር ላይ ይቆማል። «እንዴት ነህ?» ሲሉት «ደክሞኛል» ይላል። እውነቱን ነበር።

የደከመው ሰው ይተኛል። ወሰኑም ተኛ፤ ቅዳሜና እሑድን እየተኛ ዓመታት አለፉ። ድካሙ ግን በእንቅልፍ የሚለቅ ዓይነት አልነበረም። አንድ ቀን ቢሮ ቁጭ ብሎ፣ በሕይወቴ እኔው ጀምሬ እኔው የጨረስኩት ነገር ምንድን ነው ብሎ ቢያስብ፣ አንድም ነገር አጣ። የሚያልፍበት ሁሉ ሌላ ሰው ጽፎት ሌላ ሰው የሚፈርምበት ነው። ያን ጊዜ ትዝ ያለው በጎረምሳነቱ መናኸሪያው አጠገብ የነበረ ሙዚቃ ቤት ነው። ከጠዋት እስከ ማታ የፈረንጅ ዘፈን ይለቅ ነበር። እሱና ጓደኞቹ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ቃሉን ሳያውቁ ዜማውን ብቻ እየተከተሉ ያጉረመርማሉ፤ ጊታሩ ብቻውን የሚጫወትበት ቦታ ሲደርስ ሁሉም ዝም ይላል። ከእነዚያ ዘፈኖች አንዱን ከዳር እስከ ዳር ሳይቆም መጫወት አማረው። ሌላ ምኞት የለውም፤ ይኸው ነው።

ዩኒቨርሲቲው ተማሪ በሚያስመርቅበት ሰሞን ተመራቂዎች ፍራሻቸውን፣ ባልዲያቸውንና የማያስፈልጋቸውን ሁሉ ሸጠው ይሄዳሉ። ወሰኑ ከአንዱ ላይ አንድ ክር የጎደለው ጊታር ገዝቶ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ቤቱ ገባ።

እዚህ ላይ ስለ ሚስቱ ስለ እንቁ መናገር ያስፈልጋል። እንቁ ከገበያው ዳር ባለች ጠባብ ሱቅ የስፌት ክር፣ ቁልፍና ዚፕ ትሸጣለች። ቁጡ አይደለችም፤ ቃሏ ግን ቃል ነው። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ልጃቸው ሀና የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን አባል የሆነ የጊንጪ ልጅ ወደደች፤ እምነቱንም ተከትላ ሄደች። ሰርጉ እዚያው ቤተ ክርስቲያን፣ በጊታርና በኪቦርድ ሆነ። ለሚካኤል ተስላ የወለደቻት እናት ያንን ልትቀበል አልቻለችም። «በማርያም፣ የእሷን ደጃፍ አልረግጥም» ብላ ማለች። ወሰኑም ለቤቱ ሰላም ብሎ ቀረ። ሀና ግን ለአባቷ በሻይ ሰዓት ቢሮ ትደውልለታለች። ኢዮሲያስ የሚባል ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ አሁን ሁለት ዓመቱ ነው፤ አያቱ አይታው አታውቅም። ከአምቦ ጊንጪ አርባ ኪሎ ሜትር እንኳ አትሞላም።

እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ነው እንግዲህ ጊታር ይዞ የገባው። እንቁ ከረጢቱን ገልጣ አየችና «ይሄ የማን ነው?» አለችው።

«የእኔ ነው። የድሮ የፈረንጅ ዘፈን ልማርበት ነው።»

እንቁ ከረጢቱን መልሳ ሸፈነችው። «በዚህ ዕድሜህ» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

መጀመሪያ ያስተማረው ስልኩ ነበር። ቪዲዮ እያየ ጣቱን እዚህና እዚያ ያስቀምጣል። ያም ክረምት ኢንተርኔት ድርግም ብሎ ሰነበተ፤ ወሰኑም ኮርድ ከሚሉት የጣት አያያዝ ሁለቱን ብቻ ይዞ ቀረ። ሰው መፈለግ ግድ ሆነበት። አምቦ ውስጥ ደግሞ ጊታር አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ከተፈለገ መንገዱ አንድ ነው፤ የሚገኘው ከፕሮቴስታንቶች መድረክ ላይ ነው። ጠይቆ ጠይቆ ፍሮምሳን አገኘው። ፍሮምሳ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት፣ እሑድ እሑድ መዝሙር የሚያጅብ፣ በአዘቦት ቀን ኤሌክትሪክ የሚጠግን ትሁት ልጅ ነው።

«ኦቦ ወሰኑ፣ መዝሙር ከሆነ በደስታ አስተምርዎታለሁ» አለው። «ዘፈን ግን ዓለማዊ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ከሰሙ ከመድረክ ያወርዱኛል።»

«ለማንም አልናገርም።»

ፍሮምሳ ጊታሩን ተቀብሎ ቃኘው፤ ከራሱ ሣጥንም የጎደለውን ክር አውጥቶ ገጠመለት። ከዚያ ሳይታሰብ፣ ያንኑ ወሰኑ የሚፈልገውን የድሮ ዘፈን መግቢያ በለሆሳስ ተጫወተው። ለካ እሱም ያውቀዋል። «ገለቶማ» አለ ወሰኑ ዓይኑ ዕንባ አቅርሮ፤ ከዚያ በላይ ምስጋና አልመጣለትም።

ችግሩ የፍሮምሳ ቤት ነው። የተከራያት ክፍል ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጀርባ ናት፤ የሚገባውም በዚያው በግቢው በር ነው። ስለዚህ ወሰኑ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ጊታር ተሸክሞ፣ ቀን በብርሃን፣ ከተማው ሁሉ እያየው በፕሮቴስታንቶች በር ይገባል፤ ከሁለት ሰዓት በኋላም ደክሞት ግን ፊቱ በራ ብሎ ይወጣል። ይህን አይቶ ሰው ምን እንዲል ይጠበቃል? ልጁ ሄደች፣ አባትየው ተከተለ፣ አለቀ። በሃምሳ አራት ዓመቱ የፈረንጅ ዘፈን ይማራል ከሚለው ይልቅ ሃይማኖቱን ቀየረ የሚለው ለሁሉም ይበልጥ እውነት መሰለ።

ትምህርቱም ቢሆን ቀላል አልነበረም። የግራ እጁ ጣቶች ጫፋቸው አብጦ፣ ሰኞ ማኅተም ሲመታ እንኳ ሕመሙ ይሰማዋል። ኤፍ የሚሉት ኮርድ አለ፤ አንድ ጣት አጋድሞ ስድስቱንም ክር መጫን ይጠይቃል፤ ወሰኑ ሲጫነው ድምፁ የታፈነ ሳል ይሆናል። ከሁሉ የባሰው ግን ቀኝ እጁ ነበር። ፈረንጆቹ አራት አራት እየቆጠሩ የሚሄዱበትን፣ የወሰኑ እጅ ሳያስበው ወደ እኛ የሰርግ ምት ይወስደዋል። ፍሮምሳ በእግሩ እየመታ ይቆጥርለታል፤ ወሰኑ ለሁለት መስመር ይታዘዝና በሦስተኛው ሙሽራ ሊያስገባ ይነሳል። «ምንም አይደለም ኦቦ፣ የእኔንም እጅ እንዲህ ያደርገው ነበር» ይለዋል ልጁ።

ጥቅምት ላይ አቶ ቦጂያ ቤቱ መጣ። ቦጂያ የሚካኤል ማኅበራቸው ሙሴ ነው፤ ማለትም ማኅበርተኛውን የሚሰበስብ፣ ተራ የሚያስጠብቅ። አብሮ አደጉ ነው።

«ማል ታቴ ወሰኑ? ምን ሆነህ ነው?» አለው ገና ሳይቀመጥ። «ሰው የሚለውን ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«እውነት ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ እዚያ ግቢ ምን ትሠራለህ?»

ወሰኑ የቀዳለትን ጠላ ወደ እሱ ገፋ አደረገ። የፈረንጅ ዘፈን እማራለሁ ቢል ነገሩ ባንድ ቀን ያበቃ ነበር፤ ግን ማን ያስተምርሃል መባሉ አይቀርም፤ ወሬውም እስከ ሰኞ የፍሮምሳ ሽማግሌዎች ጆሮ ይደርሳል። በነጻ የሚያስተምረውን ልጅ፣ እንጀራው ባይሆንም ክብሩ ከሆነው ቦታ ሊያስወርደው አልፈለገም። በዚያ ላይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ማስረዳት ደከመው።

«እንግዲያው» አለ ቦጂያ፣ «የኅዳር ተራህ ለሌላ ሰው ይተላለፍ። እስክትወስን።» ያልቀመሰውን ጠላ እንደተቀዳ ትቶ ወጣ። ወሰኑ ያን ቀን ከፋው። ሃያ ዓመት ሙሉ ጽዋውን በየወሩ የተቀበለበት ማኅበር ነው።

እንቁ ይህን ሁሉ ከጓዳ ሆና ሰምታለች፤ ግን አልተቆጣችም። ያስገረመውም ይሄ ነው። በየሳምንቱ ይበልጥ ዝም እያለች ሄደች። ዓርብ ማታ ሸሚዙን ተኩሳ ወንበር ላይ ታንጠለጥልለታለች፤ እሱ ምጸት መሰለው። ቅዳሜ ሲመለስ ፊቱን ታጠናለች፤ አንድ ነገር የምትጠብቅ ትመስላለች፤ እሱ ደግሞ ኩራዝ ፊት እንደተቀመጠ ሌባ ዓይኑን ይሰብራል። ተስፋ ቆርጣብኛለች ብሎ ደመደመ። ሀናን ያጣች እናት አሁን ባሏንም ያጣች መስሏት በቁሟ እያዘነች ነው ብሎ አዘነላት። አንድ ዘፈን ብቻ ልጨርስና እተወዋለሁ ብሎ ለራሱ ቃል ገባ።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ወሰኑ በፍሮምሳ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ፍሮምሳ ከፈተ። እንቁ ቆማለች። ፀጉሯን ተሠርታለች፤ የበዓል ቀሚሷን ለብሳ ነጠላዋን አጣፍታለች፤ በእጇ ፌስታል ይዛለች። በዚያ በር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያያት አልፋ መጥታለች።

«ይግቡ እናቴ» አለ ፍሮምሳ ተደናግጦ፣ ወንበር እየሳበላት።

እንቁ ክፍሉን በዓይኗ ዞረችው። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ የሽቦ ጥቅል። «ሀና የለችም?» አለች።

ለወሰኑ አልገባውም። «ሀና እዚህ ምን ታደርጋለች?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ የምትገናኙት እዚህ አይደለም?»

«ነገርኩሽ እኮ። የፈረንጅ ዘፈን ነው የምማረው።»

«እውነቱን ነው እናቴ» አለ ፍሮምሳ አንገቱን ደፍቶ። «ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። አደራ፣ ለሰው እንዳይናገሩብኝ።»

እንቁ ቀስ ብላ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። «እስቲ ተጫወተው» አለች።

ወሰኑ ተጫወተ። ኤፍ ላይ ሲደርስ ድምፁ አልታፈነም። ምቱ እንደልማዱ ወደ ሰርግ አዘነበለ፤ እሱ ግን አላቆመም። ለመጀመሪያ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። ጨረሰ። ወራት ሙሉ የተመኘው ይኸው ነበር፤ ማንም አላጨበጨበም፤ እሱም ምንም አልተሰማውም፤ ዓይኑ ሚስቱ ላይ ነበር።

«የሰርግ ዘፈን ነው የሚመስለው» አለች እንቁ፣ ዕንባዋም ወረደ። «ጴንጤ ብትሆን ይሻለኝ ነበር።»

«ምን?»

«አባትየው ከሄደ እኔ ብቻዬን እዚህ ምን እሠራለሁ ብዬ ልከተልህ ነበር። ለሰውም ለራሴም የምለው አገኝ ነበር። ልጄን አይ ነበር።» ፌስታሉን ከፍታ አንዲት ሰማያዊ የሕፃን ሹራብ ጭኗ ላይ ዘረጋች። «ሲወለድ የጀመርኩት ነው። ጨረስኩት፤ አድጓል ብዬ ፈትቼ አሰፋሁት። አሁን ደግሞ ፈትቼ ሠራሁት። ልኩን እንኳ አላውቅም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለ ወሰኑ። ተናዶ ነበር፤ መጀመሪያ በእሷ፣ ወዲያውም በራሱ።

«ምን ብዬ? የማልኩት እኔ። የማለ ሰው ራሱ ተነስቶ ልሂድ ይላል? የንስሐ አባቴ እንደሆኑ ዓምና ከመሐላው ፈትተውኛል። የቀረኸው አንተ ብቻ ነበርክ። አንድ ጊዜ እንሂድ ብትለኝ እንቢ እልህ ነበር። ሁለተኛም እንቢ እልህ ነበር። ሦስተኛው ላይ ነጠላዬን አነሳ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ አንዴም አላልከኝም፤ ደክሞኛል ነው ያልከኝ። ለዚህ እንጨት ግን ጉልበት አላጣህም።»

ወሰኑ ሹራቧን ዳሰሳት። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሰው የጻፈውን እንደተጻፈ ሲመዘግብ የኖረ ሰው፣ የሚስቱንም «አልረግጥም» እንዳለችው መዝግቦ መደርደሪያ ላይ አስቀምጦት ነበር። ሀናን ማጣቱን ሰላም ብሎ ጠራው፤ እንቁ ሹራብ ስትፈታና ስትሠራ እሱ አጠገቧ ይተኛ ነበር። አፈረ፤ ያውም በፍሮምሳ ፊት።

ጊታሩን አልጋው ላይ አስቀመጠ። «እንሂድ» አላት።

«አልሄድም» አለች እንቁ።

«ተነሺ፣ እንሂድ።»

«መንገዱ ሰላም መሆኑን ማን ያውቃል? ሳይደወልላትስ? አልሄድም አልኩህ።»

ወሰኑ እውነትም ደክሞት ነበር። ጣቶቹ ይነዱ ነበር፤ በውስጡም አንድ የለመደው ድምፅ፣ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይሁን፣ ዛሬ ይቅር፣ ይለው ነበር። ወንበሯ አጠገብ ጎንበስ ብሎ እጇን ያዘ።

«በሞቴ፣ እንሂድ» አላት።

እንቁ ሹራቧን አጥፋ ወደ ፌስታሏ መለሰች። ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ወደ ፍሮምሳ ዞራ፣ የጊንጪ የመጨረሻ ሚኒባስ በስንት ሰዓት እንደሚነሳ ጠየቀችው።