«ኢንተርኔት አይፈልግም»

ፈላና በር አካባቢ ቴሌቪዥኑ ድንገት የጠፋበት ሰው ብዙ አያወላውልም፤ ተሸክሞ ኒቆዲሞስ ዘንድ ይመጣል። ኒቆዲሞስ አርባን የተሻገረ፣ ቀጠን ያለ፣ ሲያወራ ከሰው ፊት ይልቅ የያዘውን ዕቃ የሚያይ ሰው ነው። አባቱ አቶ ተክለጻድቅ በዚያችው ጠባብ ሱቅ ሠላሳ ዓመት ራዲዮ ሲጠግኑ ኖረው ሲያርፉ፣ ካቻቪቴውም ጠረጴዛውም ደንበኛውም ለልጃቸው ተረፈ። ከሁሉ በላይ የተረፈለት ግን ስም ነው። የማይጠገን ዕቃ ሲመጣለት «ይሄ አብቅቶለታል፤ በከንቱ አይድከሙበት» ብሎ ይመልሳል እንጂ ነካክቶ፣ አስከፍሎ አይሸኝም። ስለዚህ ፍሪጅም ሆነ ዲሽ ሊገዛ ያሰበ ሰው መጀመሪያ በሱ ሱቅ ብቅ ይላል። «ኒቆ ጥሩ ነው ብሏል» ከተባለ ክርክሩ አለቀ ማለት ነው።

የጨዋታ ሳጥኗ የመጣችው ባለፈው ዓመት፣ ከጥምቀት በኋላ ነው። ድሬዳዋ ያለ አንድ አስመጪ ለናሙና ላካት። የሳሙና ማስቀመጫ የምታክል ጥቁር ሳጥን ናት። በገመድ ከቴሌቪዥን ጋር ትገናኛለች፤ ሁለት ጆይስቲክ አላት፤ በሆዷ ያለው ደግሞ ማንኛውም ስልክ ላይ እንዳለው ያለ አንድሮይድ ነው። እግር ኳስ፣ የመኪና እሽቅድምድም፣ ፊደል ማስቆጠሪያ ሳይቀር ተጭኖባታል። የፕሌይስቴሽንን ዋጋ አንድ አሥረኛ እንኳ አታወጣም። ኒቆዲሞስ በካቻቪቴ ፈታትቶ አያትና ወደዳት። ብየዳዋ ንጹሕ ነው፤ አትሞቅም። ትልቅ ነገር ያገኘ መሰለው።

አጠገቡ የስልክ ከቨር የሚሸጠው ፈይሰል ግን ገና ሲያያት ከንፈሩን አጣመመ።

«አቦ ኒቆ፣ ይቺ እኮ ስክሪን የሌላት ስልክ ናት» አለው። «ልጁ ስልክ ላይ በነፃ የሚጫወተውን ቲቪ ላይ ለማየት ማን ይገዛል?»

«እናቶች ይገዛሉ።»

«ልጆቹስ? ፕሌይስቴሽን ቤት የሚሄዱት ለጨዋታው መሰለህ? ለጩኸቱ ነው። ጎል ሲገባ አብሮ የሚዘል ሰው ፍለጋ ነው። ያንን ሳጥን ውስጥ አትጨምረውም።»

ክርክሩ ወር ሙሉ ዘለቀ። ጠዋት ሱቅ ሲከፍቱ ይጀምሩታል፣ ማታ ሲዘጉ ያቋርጡታል። በአካባቢው ያለው ሰው ሁሉ የማን ወገን እንደሆነ ለየ። ኒቆዲሞስ ለሽያጩ ትርፍ ያን ያህል አልጓጓም፤ ውስጥ ውስጡን የሚበላው ሌላ ነበር። ትክክል መሆን ፈለገ። ዕድሜውን ሙሉ «ይሄ ሞቷል፣ ያ አይሆንም» ሲል የኖረ ሰው፣ አንዴ እንኳ «ይሄ ይሆናል» ብሎ ሲሆን ማየት ፈለገ።

ሳጥኗን ቤቱ ወስዶ ሲሞክራት በሦስተኛው ቀን ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ መጣ። አነበበው። ጨዋታዎቹ በየሠላሳ ቀኑ ከኢንተርኔት ጋር እየተገናኙ ፈቃዳቸው መታደስ አለበት ይላል። ከሥሩ «በኋላ» የሚል ምልክት ነበረ፤ ተጫነው፤ ጽሑፉ ጠፋ። ሚስቱ ትዕግሥት «ምን አለ?» ስትለው «ምንም» አላት። ለፈይሰልም አልነገረው። ቢነግረው ፈይሰል ምን እንደሚል ያውቀዋል።

በአንድ ቅዳሜ ቴሌቪዥን ሱቁ ደጃፍ አውጥቶ አስቀመጠና ሳጥኗን አገናኘ። ሰዉ ተሰበሰበ። የባጃጅ ሾፌሩ ሐምዛ ጆይስቲክ ይዞ ተቀመጠና «ማነው የሚገጥመኝ?» አለ። ከሶፊ ገጠር ጫት ይዘው ሸዋ በር ገበያ የሚወርዱት አዴ ዘይነባ ሽያጫቸውን ጨርሰው የልጃቸውን ራዲዮ ሊወስዱ መጥተው ነበርና፣ ኒቆዲሞስ እየሳቀ ሁለተኛውን ጆይስቲክ ለሳቸው ሰጣቸው። መኪናዋ ወደ ግራ ስትታጠፍ እሳቸውም በሙሉ ሰውነታቸው ወደ ግራ እያዘነበሉ፣ «ያ አላህ! ያ አላህ! ገደል ገባሁ!» እያሉ ሲነዱ ሰው በሳቅ ፈረሰ። ሐምዛን ቀደሙት። ሐምዛ ከዚያ ቀን በኋላ ለሳምንት ያህል መንገድ ላይ ሰው ሲስቅበት ሰነበተ።

ሳቁ ጋብ ሲል አዴ ዘይነባ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠራርገው ጠየቁ።

«ልጆቼ ከትምህርት ቤት ሲወጡ ወደ ከተማ እየወረዱ ጨዋታ ቤት ይቀሩብኛል። ይቺን ብወስድላቸው እቤት ይውሉልኛል። ግን ኒቆ፣ እኛ ሰፈር መብራት እንጂ ኢንተርኔት የለም። እሱን ትፈልጋለች እንዴ?»

ከኋላቸው ስድስት ሰባት ሰው ቆሞ መልሱን ይጠብቃል። ፈይሰልም ደጁ ላይ ክንዱን አጣምሮ ያዳምጣል።

«አይፈልግም» አለ ኒቆዲሞስ።

እንዲህ ያለ ቀላል ነገር ነበር። አንድ ቃል። አዴ ዘይነባ ገዙ፤ ሐምዛም፣ እሳቸውን ያዩት ሌሎቹም ገዙ። በዚያ ሳምንት አስመጪው የላካቸው ሳጥኖች በሙሉ አለቁ። ፈይሰልም ሻይ አዞለት «ይሁን፣ ተሸንፌያለሁ» አለው። ኒቆዲሞስ ሻዩን እየጠጣ ሳቀ፤ ዓይኑን ግን ከብርጭቆው አላነሣም።

ወር ሞላ። መጀመሪያ የመጣው ሐምዛ ነው። «ጨዋታው ተቆለፈብኝ» አለ። ኒቆዲሞስ ስልኩን አውጥቶ ሳጥኗን በስልኩ ኢንተርኔት አገናኛት፤ ተከፈተች። «ትንሽ ነገር ናት» ብሎ ሸኘው። ሌሎቹም እየመጡ እንዲሁ እየከፈተላቸው ሄዱ፤ ለምን እንደተቆለፈ ለማንም አላስረዳም። ቤት ሲገባ ግን የሶፊዋ ሴትዮ በዓይኑ ላይ ይዞሩበት ጀመር። «ምናልባት ልጆቹ ሰልችቷቸው ትተዋት ይሆናል» ብሎ ተመኘ። የሸጠው ዕቃ ሰውን እንዲሰለች ሲመኝ ያኔ የመጀመሪያው ነበር።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አዴ ዘይነባን ከሩቅ አያቸው። ዘንቢል አንጠልጥለው በፀሐዩ ቀስ እያሉ ይመጣሉ። ዘንቢሉ ውስጥ ያለውን ሳያየው አወቀው። እንዴት እንደሆነ ለራሱም አልገባውም፤ እጁ ከሐሳቡ ቀደመና የሱቁን የላሜራ መዝጊያ ከውስጥ ስቦ ወደ ታች አወረደው። በጨለማው ውስጥ ቆመ።

ኮቴያቸው ቀረበ። አንኳኩ። አልከፈተም።

«ኒቆ የለም እንዴ?» አሉ ፈይሰልን።

ፈይሰል መዝጊያው ሲወርድ አይቷል። «ወጣ ብሏል፣ አዴ» አላቸው።

«እጠብቀዋለሁ» ብለው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። በሳቸው ጀርባና በኒቆዲሞስ ጉልበት መሐል ያለው አንዲት ስስ ላሜራ ብቻ ናት። ሲተነፍሱ ይሰማዋል። እሱ ደግሞ ትንፋሹን ውጦ ቆሟል። ላቡ በአንገቱ ቁልቁል ይወርዳል።

«ምን ሆነብዎት?» አለ ፈይሰል።

«ሳጥኗ ተዘጋች። ልጄ ሳዳ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ የተጻፈውን አንብባ "ኢንተርኔት አምጡ ይላል" አለችኝ። እኔ ደግሞ ተቆጣኋት። "ኒቆ አይፈልግም ብሏል፤ አንቺ ነሽ ነካክተሽ ያበላሸሽው፣ አሁን ትዋሺኛለሽ" አልኳት። ወላሂ ብላ ማለች፤ አላመንኳትም። በውሸት ትምያለሽ ብዬ መታኋት። ይኸው ሳምንት ሆናት፣ አታናግረኝም።»

ፈይሰል የወረደውን መዝጊያ አየ።

«አሁን ኒቆ አይቶ ምን እንዳበላሸች ይንገረኝ። እሱ አይዋሽም» አሉ አዴ ዘይነባ። ቆይተው ደግሞ፣ «በሥራ ቀን ሱቅ የሚዘጋ ሰው አይደለም። አሞት እንዳይሆን። ያ ረቢ፣ አንተ ሺፋውን ስጠው። ለልጆቹ አቆየው» ብለው እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉለት። ኒቆዲሞስ እያንዳንዱን ቃል ሰማ። ምድር አፏን ከፍታ ብትውጠው በወደደ፤ ምድር ግን ለፈለጋት አትከፈትም።

የአስር ሶላት አዛን እስኪሰማ ጠበቁ። ከዚያ መኪና እንዳያመልጣቸው ተነሥተው ወደ ሸዋ በር ሄዱ።

ፈይሰል መዝጊያውን በጣቱ አንኳኳ። «ውጣ። ሄደዋል።»

ኒቆዲሞስ መዝጊያውን ከፍ አድርጎ ወጣ። ፈይሰል ቀና ብሎ አላየውም፤ ከቨሮቹን ይደረድራል።

«ሐሙስ እጾማለሁ፤ ታውቃለህ» አለው። «በጾሜ አስዋሸኸኝ። ኢንተርኔት ይፈልጋል አይደል? ከመጀመሪያውም ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ዛሬ አታናግረኝ» አለ ፈይሰል።

ያን ዕለት ኒቆዲሞስ ራት አልበላም። ትዕግሥት ግንባሩን ዳሰሰችና «ትኩሳት የለህም» አለችው። በማግስቱም ሱቁን ከፍቶ ያለ ሥራ ዋለ። ቅዳሜ ጠዋት ግን ሸዋ በር ወርዶ የሶፊ መኪና ተሳፈረ።

አዴ ዘይነባ ጫት ማሳቸው ዳር ሆነው ከሩቅ ሲያዩት እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። «አልሐምዱሊላህ! ድነሃል! ታሞ ነው ብዬ ስጸልይልህ ነበር!» ጎረቤት ጠሩ። ቤት አስገብተው ምንጣፍ አነጠፉ፤ ወተት ቀረበ።

«ምን ነበር ያመመህ?» አሉት።

እውነቱን ሊናገር የመጣ ሰው ነው። መንገዱን ሙሉ ቃሉን ሲያዘጋጅ ነበር። ይሁን እንጂ የሰዎቹን ፊት፣ የተዘረጋለትን ወተት አየና «ጉንፋን ነው» አለ። ሁለተኛ ውሸት። ወተቱ አፉ ውስጥ መረረው።

ዕቃውን ብቻ ሠርቼ ልሂድ ብሎ ሳጥኗን አስመጣ። ኔትወርክ አልነበረም። ስልኩን ከፍ እያደረገ በበሩ ወጣ፤ በግንቡ ዞረ፤ በመጨረሻ መስኮቱ ጫፍ ላይ ሁለት መስመር አገኘና ስልኩን እዚያው አስደግፎ አስቀመጠ። ሳዳ ጥግ ላይ ቆማ ታየዋለች። ረጅም፣ ዝምተኛ ልጅ ናት።

«ምን እያደረጉ ነው፣ ጋሼ?» አለችው።

«ከኢንተርኔት ጋር እያገናኘሁት…» አለና አቋረጠ።

ልጅቷ አልሳቀችም፤ ወደ እናቷም አልጮኸችም። «እኔም ብያት ነበር» አለች በለሆሳስ፣ ለራሷ እንደምታወራ። ከዚያ ዓይኗን ወደ መሬት መለሰች።

ኒቆዲሞስ ስልኩን ከመስኮቱ አነሣ። «አዴ ዘይነባ» አለ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እየሰማ። «ሳዳ አልዋሸችዎትም። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ኢንተርኔት እንደሚፈልግ ገና ሳልሸጥልዎ አውቅ ነበር። ሐሙስ ዕለትም አላመመኝም። ሱቄ ውስጥ ነበርኩ። ዱዓ ሲያደርጉልኝ ከመዝጊያው ኋላ ቆሜ ሰማሁ።»

አንድ ሽማግሌ «አስተግፊሩላህ» አሉ በቀስታ። አዴ ዘይነባ ለረጅም ጊዜ እሱን አዩት፤ ያልተረዱት ቋንቋ እንደተናገረ ሰው አድርገው። ከዚያ ፊታቸውን ከሱ መልሰው ወደ ልጃቸው ዞሩ። በኦሮምኛ ነው ያወሩት፤ ኒቆዲሞስ ጥቂቱን ብቻ ሰማ። «አውፍ» የሚለው ቃል ግን ገባው። ሳዳ ስታለቅስ ያየው ያኔ ነው። እናቲቱ ልጅቷን ሰው ፊት እንዲያ ይቅርታ ሲጠይቁ ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጣ።

«ሳጥኗን እወስዳለሁ፤ የሰጡኝን ገንዘብ እመልሳለሁ» አለ።

«መልስ» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን በወደደ። «እኔ አውፍ ብዬሃለሁ፤ አላህም አውፍ ይበልህ። ግን ኒቆ፣ ልጄን በአንተ ቃል መታሁ። ከእንግዲህ "ኒቆ ብሏል" አልልም። አልችልም።»

ወደ መኪናው የሸኘው ሰው አልነበረም። እንግዳ ሳይሸኝ የሚቀርበት አገር አይደለም፤ እሱም ይህን ያውቃል።

በሚቀጥለው ሳምንት ሳጥን የገዙትን አንድ በአንድ እየዞረ ነገራቸው። አንዳንዱ ሳቀ፤ አንዳንዱ ሰደበው፤ ሐምዛ «እኔ እኮ ዱሮም አውቄያለሁ፤ ዝም ያልኩህ አፍረህ ነው ብዬ ነው» አለው፤ ይሄ ከስድቡ ሁሉ ባሰበት። አብዛኞቹ መለሱ። ያልመለሱት ፊልም ሊያዩባት፣ የሠርግ ቪዲዮ ሊያሳዩባት አስቀሯት። ከልጆቹ ብዙዎቹ ግን ፈይሰል እንዳለው ገና በሁለተኛው ሳምንት ትተዋት ወደ ፕሌይስቴሽን ቤታቸው ተመልሰው ነበር። አስመጪው ሌላ ልላክ ወይ ብሎ ሲደውል ኒቆዲሞስ «አይሆንም» አለው። እንዲህ ያለች ርካሽ ሳጥን ኢንተርኔት ባለበት፣ አብሮ የሚጫወት ሰው ባለበት ቤት ምናልባት ታዋጣ ይሆናል፤ እሱ ግን ስለ ምንም ነገር «ይሆናል» ለማለት አፉ ተሳሰረበት።

ፈይሰል ከዐሥር ቀን በኋላ ሻይ አዞ አናገረው። ስለ ሐሙሱ ግን ሁለቱም ደግመው አላነሡትም።

ዘንድሮ በክረምቱ መግቢያ አዴ ዘይነባ ሱቁ መጡ። የፀሐይ ባትሪ መብራት ሊገዙ ነው። ሳዳን ይዘዋት መጥተዋል። ሰላም አሉት፤ ስለ ልጆቹ ጠየቁት፤ እንደ ዱሮው ነው። ዕቃውን ሲያቀርብላቸው ግን አልተቀበሉትም።

«ለሷ ስጣት» አሉ።

ሳዳ መብራቱን ተቀበለች። አበራችው፤ አጠፋችው። ወረቀቱን አውጥታ ከላይ እስከ ታች አነበበች፤ ኋላውን ከፍታ ባትሪውን አየች፤ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ጠየቀችውና መልሱን ከወረቀቱ ጋር አመሳከረች። እናቷ አጠገቧ ቆመው የልጃቸውን ፊት ያያሉ እንጂ እሱን አላዩም። ኒቆዲሞስ ከጠረጴዛው ኋላ እጁን አጣምሮ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ልጅቷ እስክትጨርስ ጠበቀ።