የሚያፈሰው እንስራ

ሞላሌ ላይ አንድ ተክል የተከለ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምኑ ይበላል?» ተብሎ ነው። አይበላም ካለ ተፈልቶ ይጠጣ እንደሆነ፣ ያም ካልሆነ የትኛውን በሽታ እንደሚያድን ይጠየቃል። እኔ ደጄ ላይ ያቆምኳት ጽጌረዳ አትበላም፣ አትፈላም፣ ያዳነችው በሽታም የለም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጌሾ መስላው ጠላ ልጠምቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። የሒሳብ መምህር ስለሆነ ይቅር አልኩት።

ጽጌረዳዋ የመጣችው ከዓለም ከተማ፣ ከእናቴ ደጅ ነው። የባዮሎጂ መምህርት ሆኜ ሞላሌ ስመደብ እናቴ ሐዘን ተቀመጠች ማለት ይቻላል። የመንዝን ብርድ በዓይኗ አላየችውም፤ ወሬውን ግን ከኔ ይልቅ ታውቀው ነበር። እኛ ጋ ሰው ጥላ ፍለጋ ይዞራል፣ እዚያ ግን በጠራራ ፀሐይ የበግ ጠጉር ባና ተከናንቦ ነው የሚውለው አለች። ልሄድ የተነሣሁ ጠዋት ከደጃችን ጽጌረዳ አንድ ቅርንጫፍ ቆረጠች፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ በፌስታል አድርጋ ስትሰጠኝ ውሉንም አብራ ሰጠችኝ።

«ይቺ እዚያ ከኖረች አንቺም ትኖሪያለሽ ብዬ ዝም እላለሁ። ከደረቀች ግን ዝውውር ጠይቀሽ ትመለሻለሽ።»

እሺ አልኩ። ግትር ነኝ፤ በዚያ ላይ በሙያዬ አንዲት ቅርንጫፍ ማጽደቅ ያቅተኛል ብዬ አላሰብኩም። የመጀመሪያውን ዓመት በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ አሳለፈች። የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀኑን ሙሉ ደጃፋቸው ላይ ጠጉር የሚፈትሉ እናት ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ እማማ ይላቸዋል፣ እኔም እንደዚያው። የመጀመሪያዋ ቡቃያ ብቅ ስትል ጠርቼ አሳየኋቸው። ጸደቀች አልኳቸው። ጎንበስ ብለው አይተው፣ እኛ ስንት ዘመን ጾመን ጸልየን ያላገኘነውን ይቺ በአንድ ወር ቆርቆሮ ውስጥ ሆና ጸደቀች አሉና ወደ እንዝርታቸው ተመለሱ።

እኔም በዚያው ዓመት ሞላሌን ወደድኩ። የራሴ ቁልፍ፣ የራሴ ደጅ ነበረኝ። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ አየሩ ፊቴን በጥፊ ይለኝ ነበር፤ ያንን እንኳ ወደድኩት። ቅዳሜ ገበያ ስወርድ ሽንኩርት የምትሸጠው ሴት ከሩቅ ስታየኝ መርቃ ታስቀምጥልኛለች። ዓለም ከተማ የእናቴ ልጅ ነኝ፣ ሞላሌ ግን መምህሯ ነኝ። መመለስ አልፈለግሁም፤ ለእናቴም ይህንን በቀጥታ መንገር አልደፈርኩም። ጽጌረዳዋ እንድትነግርልኝ ነበር የተውኩት።

በሁለተኛው መስከረም ጉልበቴ ድረስ ደረሰች፤ ቆርቆሮው ጠበባት። እማማ ይህን አይተው ከጓዳቸው አንድ እንስራ አወጡልኝ። አንገቱ ተሰብሯል እንጂ ሆዱ ጤነኛ ነው። በሙሽርነታቸው ዘመን ውሃ የቀዱበት፣ ጀሪካን ሲመጣ ሥራ የፈታ ዕቃ ነበር። መርቀው ሰጡኝ። እኔ ደግሞ እሳቸው ቤተ ክርስቲያን በሄዱበት እንስራውን ደፍቼ በሚስማርና በድንጋይ ቂጡን ቀስ እያልኩ በሳሁት። ሳይሰነጠቅ በመበሳቱ የተደሰትኩት ደስታ ዛሬም ትዝ ይለኛል። ከታች ጠጠር፣ ከላይ ጥቁር አፈርና የበግ በጠጥ አድርጌ ጽጌረዳዋን ተከልኩበት፤ ውሃ አጠጥቼ ትርፉ በቀዳዳው ሲወጣ አየሁና እጄን ታጥቤ ገባሁ።

ኅዳር ላይ ቅጠሏ ቢጫ ሆነ። ውርጩ ነው ብዬ ማታ ማታ ማዳበሪያ ከረጢት አለብሳት ጀመር። አልተሻላትም። ጠምቷት ይሆናል ብዬ ውሃ ጨመርኩ። ባሰባት። እማማም አዝነው፣ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በላስቲክ ጠርሙስ ጸበል እያመጡ ያፈሱላት ነበር። ጸበሉም የሚያቃጥላት ይመስል ቅጠሏ ከታች ወደ ላይ ይረግፍ ጀመር። እናቴ በየሳምንቱ እየደወለች ከሰላምታው ቀጥሎ ስለ ጽጌረዳዋ ትጠይቃለች፤ እኔም ደህና ናት እያልኩ እዋሻለሁ። አንድ ቀን እንዲያውም ከጥምቀት በኋላ መጥቼ አያታለሁ አለችኝ። ነይ አልኳትና ስልኩን ቶሎ ዘጋሁ።

የሚያሳፍረው፣ በዚያው ሰሞን ክፍል ውስጥ የማስተምረው ስለ ሥር ነበር። ሥር አየር ይፈልጋል፣ ውሃ ካቆረበት ታፍኖ ይበሰብሳል እያልኩ ሰሌዳ ላይ ሥዕል ስስል፣ ቤቴ ያለችው ጽጌረዳ ወደ አእምሮዬ ብልጭ አላለችም። ቀዳዳውን የበሳሁት እኔ ራሴ ነኛ! ማን ይጠረጥራል?

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ እንስራውን ፀሐይ ወዳለበት ልገፋው አልኩ። እንደ ድንጋይ ከበደኝ። ዘንበል ሳደርገው ከአፉ የሸተተ ውሃ እግሬ ላይ ፈሰሰ። ከሥሩ ያለው መሬት ግን ዝናብ እንደራቀው ደርቋል። እጄን ከታች ሰድጄ ቀዳዳዬን ፈለግሁት፤ በቦታው ያገኘሁት ለስላሳ፣ ክብ፣ እንደ ልብስ ቁልፍ የተለጠፈ ነገር ነው። በጥፍሬ ስፍቀው ሰም ነው። የጧፍ ሰም!

ደሜ ፈላ። ጧፍ በዚያ ግቢ ከአንድ ሰው በቀር የሚያመጣ የለም። እግሬ እየተንጠባጠበ፣ ሰሙን በጣቴ ይዤ እማማ ፊት ሄጄ ቆምኩና ይህ ምንድን ነው አልኳቸው። እንዝርታቸውን አቁመው ሰሙን አዩት፣ ከዚያ እግሬን አዩ፣ ከዚያ አንገታቸውን ደፉ። የሰጠሁሽ እንስራ አፍሳሽ ሆኖ ባየው ጊዜ አፈርኩ አሉ። መርቀው በሰጡት ማግሥት ከሥሩ ውሃ ሲወርድ አይተዋል። ለልጅ አፍሳሽ ዕቃ መስጠት ነውር ነው፤ እኔም ይሉኝታ ይዞኝ ያልነገርኳቸው መስሏቸዋል። ስለዚህ እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ፣ በየክብረ በዓሉ ያጠራቀሙትን የጧፍ ቁራጭ በእሳት አለስልሰው፣ እንስራውን ከነአፈሩ ጎረቤት ጠርተው አጋድመው፣ ደፍነውታል። ሰሙ ሲላቀቅም ደግመውታል።

«እማማ፣ እንስራውኮ አላፈሰሰም። እኔ ነኝ ሆን ብዬ የበሳሁት» አልኳቸው።

«ደህናውን ዕቃ?»

አዎ አልኩ። የተማረ ሰው ብዙ ነገር ሲያደርግ አይተዋል፤ ጤነኛ እንስራ በሚስማር የሚበሳ ግን እስከዚያች ቀን አላጋጠማቸውም ነበር። ሥር እንደሚተነፍስ፣ ውሃ ሲያቁር እንደሚታፈን ለተማሪዎቼ በማልነግርበት ትሕትና አስረዳኋቸው። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ የሚል ተረት ከአፋቸው የማይለይ ሴት ናቸው፤ ነገሩ ከሥሩ ሲነገራቸው ወዲያው ገባቸው። ከዚያ እኔን ትተው ወደ ጽጌረዳዋ ዞሩና ይቅር በይኝ አሏት። እኔም ሳልፈልግ ሳቅሁ፤ እሳቸውም ሳቁ፤ ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም።

ነቅዬ የበሰበሰውን ሥር ቆረጥኩ፤ ቅርንጫፉን ከረከምኩ፤ አዲስ አፈር ሰጠኋት። የቀረችው አንዲት ራቁት ግንድ ናት። እማማ በቀዳዳው ቢስማሙም ውሃ መሬት ላይ ሲፈስ ዝም ብሎ ማየት አልሆነላቸውም። እንስራውን ሦስት ድንጋይ ላይ አስቀመጡና ከሥሩ ሰፊ ጣሳ ደቀኑ። የተጠራቀመውን ለዶሮዎቻቸው ያጠጣሉ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም የሚለው ተረት እሳቸው ግቢ አይሠራም።

እናቴ ከጥምቀት በኋላ፣ መኪና እየቀያየረች፣ ሁለት ነጠላ ደርባ፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ መጣች። ሻንጣዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ጽጌረዳዬ የታለች አለች። አሳየኋት። ግንዷ ላይ የጥፍር ያህል ቀይ ነገር ብቅ ብላ ነበር፤ ቡቃያ ትሁን የግንዱ ጠባሳ እኔም እርግጠኛ አልነበርኩም። እናቴ ቆማ አየቻት። ዝውውር የሚለውን ቃል ገና ሳትናገረው ቀድሜ ሰማሁት፤ የሞላሌ ቁልፌ ኪሴ ውስጥ ከበደኝ።

ቃሉ ሳይወጣ እማማ ከደጃፋቸው ተነሥተው መጡ። ልጅሽ ጥፋት የለባትም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ብለው ስለ ፍሳሹ፣ ስለ ሰሙ፣ ስለ ጸበሉ፣ አንድም ሳያስቀሩ ነገሯት። እኔ መሬት መሬት አያለሁ። እናቴ ሲጨርሱ ጎንበስ ብላ እጇን ከእንስራው ሥር ሰደደች፤ ቀዳዳውን በጣቷ ዳሰሰችው፤ ጣሳውንም አየችው። ከዚያ አንዴ ደግመው ይንገሩኝ አለቻቸው። ደገሙላት። ሳቋ ከሆዷ መጣ፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እስክታለቅስ ሳቀች።

ምሳ ቀርቦ ሦስታችን ስንበላ፣ እናቴ ድንገት ጉርሻዋን ይዛ ቆም አለችና ለእማማ ተናገረች፤ የምትነግረው ግን እኔን እንደሆነ አውቃለሁ።

«እኔ እንኳ ብርዱን አልነበረም የፈራሁት፣ እትዬ። እንስራዋ ሲያፈስ አይቶ የሚደፍንላት ሰው ይኖር ይሆን ብዬ ነው።»

እማማ፣ አጉል ነው የደፈንኩት አሉ። እናቴም ይሁን፣ ደፍነውላታል አለችና ጉርሻውን አጎረሰቻቸው።

ስለ ዝውውር ያን ቀንም በማግሥቱም አላነሣችም። ቅዳሜ ገበያ አብራኝ ወረደች። ሽንኩርት ሻጯን ተዋወቀቻት፣ በዋጋም ተከራከረቻት። ከዚያ ባና ወደሚሸጥበት ሄዳ አንዱን እያነሣች ሌላውን እየጣለች ግማሽ ቀን ዋለች። ይህ ስስ ነው፣ ይህ ሁለት ዓመት አይቆይም ትላለች። በመጨረሻ የመረጠችው ከሁሉ ወፍራሙን ነበር፤ ሻጩ ይህ የልጅ ልጅ የሚወርሰው ነው አላት። እሱን ነው የምፈልገው ብላ ትከሻዬ ላይ ጣለችው።